ናኦሚ አቃቂ ብትወለድ ኖሮ?

ናኦሚ ግርማ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2025 ለቼልሲ ስትፈርም የአዲስ አበባ የቼልሲ ደጋፊ በአንድ ሌሊት ዘመዷ ሆነ። 1.1 ሚሊዮን ዶላር! በሴቶች እግር ኳስ የዝውውር ዋጋዋ ሚሊዮን ዶላርን የተሻገረ የመጀመሪያዋ ተጫዋች፣ ያውም ግብ አግቢ ሳትሆን ተከላካይ፣ ያውም የአባቷ ስም ግርማ! የአርሴናል ደጋፊ እንኳ ለአንድ ቀን ክርክሩን አቁሞ «የኛ ልጅ» አለ። (ሪከርዱን በዚያው ዓመት በጁላይ አርሴናል ራሱ ኦሊቪያ ስሚዝን ሲገዛ ሰበረው፤ ክርክሩም ወደ ቦታው ተመለሰ።)

«የኛ ልጅ» ማለት ደስ ይላል፤ ገንዘብም አያስወጣም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ይቺው ልጅ፣ በዚሁ እግሯና በዚሁ ጭንቅላቷ፣ ሳን ሆዜ ካሊፎርኒያ ሳይሆን አቃቂ ቃሊቲ ብትወለድ ኖሮ የት ትደርስ ነበር? ጥያቄው ለወሬ ማድመቂያ የተነሳ አይደለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አቃቂ ውስጥ ከወንዶች ጋር ተጋፍታ ኳስ የምትነጥቅ የ14 ዓመት ልጅ አትጠፋም። የሷ ዕጣ ነው ጉዳዩ።

መጀመሪያ የናኦሚን መንገድ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ብዙው ሰው የሚያውቀው መጨረሻውን ነው። እ.ኤ.አ በ2000 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ከአቶ ግርማ አወቀና ከወይዘሮ ሰብለ ደምሴ ተወለደች። ኳስ የጀመረችው በአምስት ዓመቷ ነው። የት? በዝነኛ አካዳሚ እንዳይመስላችሁ። አባቷ ከሌሎች የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጋር ሆኖ ባቋቋመው «ማለዳ» በሚባል የልጆች ቡድን ውስጥ ነው። ትንሹም ትልቁም፣ ሴቱም ወንዱም ባንድ ሜዳ ይራወጣል፤ ወላጅ ዳር ቆሞ ያያል፣ ይጫወታል፣ ምግብ ያቀርባል። አሜሪካ ውስጥ የልጆች ኳስ ውድ ነገር ነው። ደህና ክለብ ውስጥ ልጅ ማስገባት በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣል፤ ለዚህም አሜሪካኖቹ ራሳቸው «የድሃ ልጅ ቀረ» እያሉ ያማርራሉ። ማለዳ የዚያ ተቃራኒ ነበር። ስደተኛ ወላጆች ልጆቻቸው ባህላቸውን እንዳይረሱ ብለው የሰበሰቧቸው፣ ኳሷ ለመገናኛ ሰበብ የሆነችበት ቡድን።

ከዚያ በኋላ ነው ትልልቆቹ ክለቦች የመጡት፤ ቀጥሎም ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ። እ.ኤ.አ በ2019 ስታንፎርድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ዋንጫ ሲያነሳ ኖርዝ ካሮላይናን በፍጹም ቅጣት ምት የረታው እዚያው የትውልድ ከተማዋ ሳን ሆዜ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2021 በተካሄደው ድራፍት አዲስ የተመሠረተው ሳንዲያጎ ዌቭ ከሁሉም አስቀድሞ መረጣት። በመጀመሪያው ዓመቷ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ሆነች። እ.ኤ.አ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ አሜሪካ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋ ወርቅ ስትወስድ ናኦሚ በውድድሩ አንድም ደቂቃ አልተቀየረችም።

እዚህ ላይ «ድራፍት» የሚለው ቃል የቢራው እንዳይመስል ማብራራት ሳይሻል አይቀርም። ነገሩ በዋናነት የታወቀው ሞላላዋን ኳስ በእጃቸው ይዘው ከሚላተሙበት ከአሜሪካኖቹ «ፉትቦል» ነው። እዚያ ላይንባከር የሚባል ተከላካይ አለ። ከፊተኛው መስመር ኋላ ቆሞ የተጋጣሚን ሐሳብ አስቀድሞ አንብቦ የሚዘጋ፣ ሲያስፈልግም እንደ ገልባጭ መኪና የሚጋጭ። ይሄ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ፕሮፌሽናል ሊግ መግባት አይችልም፤ ደንቡ ሦስት ዓመት መጠበቅ አለብህ ይለዋል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ በዩኒቨርሲቲው ማልያ ይጫወታል፣ ከዚያ 32ቱ ክለቦች በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። በዓመት የሚመረጠው 250 ሰው ገደማ ብቻ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የሚጫወተው ግን ብዙ አሥር ሺህ ነው። ከተመረጡትም የብዙዎቹ የሊግ ዕድሜ ከሦስት አራት ዓመት አይዘልም፤ ጉልበት ይሄዳል፣ ትከሻ ይወልቃል።

እንግዲህ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ያልተመረጠውም፣ ተመርጦ ጉልበቱ የሄደውም ከኋላው ትምህርት አለው። ሁሉም ተጠቅሞበታል ማለት አይደለም፤ ክፍል ሳይገቡ ዲግሪ የተሸከሙም፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በላባቸው ሚሊዮኖች ዝቀው ለረጅም ዘመን ሳንቲም ያልሰጧቸውም ብዙ ናቸው። መንገዱ ግን እስክሪብቶና ኳስ አንዱን ጣል አንዱን ያዝ አይልም። ሴቶቹ ወደዚህ መንገድ የገቡትም በችሮታ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1972 የወጣ ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ሁሉ በፆታ እንዳያዳላ አስገደደ። ዩኒቨርሲቲዎች ሳይወዱ በግድ የሴት ቡድን መሠረቱ። በአሥር ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ በ1982፣ የመጀመሪያው የኤንሲኤኤ (NCAA) የሴቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና ተካሄደ። የአሜሪካ ሴቶች አራት የዓለም ዋንጫ የሰበሰቡት ከዚያ ወዲህ ነው። (ለሴቶቹ ሊግ ድራፍቱ ራሱ አሁን የለም። ተጫዋቿ የምትሄድበትን ራሷ ትምረጥ ተብሎ እ.ኤ.አ በ2024 ተሰርዟል።)

የናኦሚ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘላት አንዲት ምዕራፍ አለች። እ.ኤ.አ በ2020 የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ለተጫዋች ከዚህ የከፋ ዜና የለም። እሷ ግን ምን ሆነች? ታከመች፣ ክፍል ገባች፣ ፈተናዋን ተፈተነች፣ ድና ተመለሰች። ኳሱ ሲቆም ሕይወቷ አልቆመም። ይቺን ነገር ይዞ ነው ወደ አቃቂ መምጣት ያለበት።

አቃቂ ቃሊቲ ለአዲስ አበባ ያልሰጠው የለም። ጨርቅ ሸምኗል፣ ብረት አቅልጧል፣ ከጉድጓዶቹ ከተማዋን ውኃ አጠጥቷል። የጅቡቲ መኪና የሚገባው በዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ በ2015 ሥራ የጀመረው ባቡር በደቡብ በኩል የሚያበቃው ቃሊቲ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የኳስ ፍቅሩንም ማንም አይጠራጠረውም። የፋብሪካ ሠፈር ልጅ ከሥራ መልስ ኳስ ሳያይ አያድርም። በክፍለ ከተማው ስም የሚጠራ የሴቶች ቡድንም በፌዴሬሽኑ ውድድሮች ተጫውቷል። ዩኒቨርሲቲም አለው! እ.ኤ.አ በ2011 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው እዚያው ቂሊንጦ ነው።

ልብ በሉ፤ የናኦሚ መንገድ የሚፈልጋቸው ነገሮች ስማቸው ሁሉ አቃቂ ውስጥ አለ። ሠፈር፣ ትምህርት ቤት፣ ቡድን፣ ዩኒቨርሲቲ። የሌለው አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ድልድይ ነው።

ያቺ የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ሜዳ ታጣለች። ትናንት የተጫወተችበት ባዶ ቦታ ዛሬ አሸዋና ጠጠር ተራግፎበታል፤ በዓመቱ ኮንዶሚኒየም ወይም መጋዘን ይሆናል። ሜዳ ብታገኝ ቤት ሥራ አለ፤ ወንድሟ ሲጫወት እሷ ውኃ ትቀዳለች። ይሄንንም አልፋ ጎበዝ ብትሆን 16 እና 17 ዓመት ላይ መስቀለኛ መንገድ ይጠብቃታል። አንድ የክልል ከተማ ክለብ ይፈልጋታል። ደመወዝ አለ፣ ካምፕ አለ፣ እናቷን ታግዛለች። ግን ካምፑ ከአቃቂ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ውድድሩ በትምህርት ወራት ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሙሉ ቀን ሲያጠና የዋለው ተማሪ የወደቀበት ፈተና ነው። ጠዋትና ማታ ልምምድ የምትሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ አውቶቡስ ላይ የምታድር ልጅ በምን ጊዜዋ አጥንታ ነው የምታልፈው?

ስለዚህ ትመርጣለች። ትምህርቱን ከመረጠች ኳሱ ቀረ፤ ማንም «የት ደረሰች» ብሎ አይጠይቅም። ኳሱን ከመረጠች ሕይወቷን በሁለት ጉልበቶቿ ላይ አስያዘች ማለት ነው። ጅማቷ የተበጠሰ ዕለት ኮንትራቷ ያልቃል፣ ካምፑን ትለቃለች፣ በ20 ዓመቷ ያለ ትምህርትና ያለ ሥራ ወደ አቃቂ ትመለሳለች። ናኦሚ የደረሰባት ጉዳት እሷም ላይ ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ በማግስቱ የት እንደምትነቃ ነው።

«አሜሪካ ሀብታም ነው፣ ምን ይነጻጸራል?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ የስታንፎርድን ሣር ቂሊንጦ ላይ ማብቀል አይቻልም፤ የፈለገም የለም። ነገር ግን ማለዳን የፈጠረው ሀብት አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት የተነሱ አባቶችና እናቶች ናቸው። ማኅበርና ዕድር፣ ቡናና ጉርብትና ከኢትዮጵያ ይዘው የሄዱ ሰዎች ሳን ሆዜ ላይ ያደረጉትን፣ ዕድሩ ራሱ ያለበት አቃቂ የማያደርግበት ምክንያት ምንድነው? ለልቅሶ ድንኳን የሚተክል ዕድር ለልጆች ሁለት ኳስና አሠልጣኝ ማሟላት ያቅተዋል ብሎ ማመን ይከብዳል። ብቻ አባት ሴት ልጁን ወደ ሜዳ ይዞ መውጣት አለበት። አቶ ግርማ ያደረጉት ትልቁ ነገር ይሄው ነው፤ ቀሪው በኋላ የመጣ ነው።

ክለቦቹም ቢሆኑ አያመልጡም። የሴቶቹ ሊግ አብዛኛው ቡድን የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች ነው። ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ፣ መቻል፣ ሀዋሳ፣ አዳማ... ገንዘቡ የሕዝብ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድር ክለብ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ሲያስፈርም ውሉ ላይ የትምህርት ቤቷ ስም ቢሰፍር ምን ይጎድልበታል? ካምፑ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ያስመዝግባት፤ ለፈተናው ሰሞን ከልምምድ ይልቀቃት። ይሄ ከአንድ ተጫዋች የፊርማ ክፍያ በታች ነው። ፌዴሬሽኑ ደግሞ ክለቦችን በየዓመቱ ሲመዘግብ የሚጠይቃቸው ወረቀት ብዙ ነው፤ አንድ ወረቀት ቢጨመር የሚሞት የለም።

ሎዛ አበራ በዚህ አገር መንገድ ሄዳ አሜሪካ ደርሳለች። ከዱራሜ ተነስታ፣ በስዊድን በኩል፣ በማልታ በኩል፣ በአዳማና በንግድ ባንክ በኩል፣ እ.ኤ.አ በ2024 ዋሽንግተን ውስጥ ለዲሲ ፓወር ፈረመች። ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ ግብ ስታዘንብ የኢትዮጵያ ጋዜጦች በየሳምንቱ ቆጥረውላታል። ጀግና ናት። ነገር ግን ሎዛን እያሳዩ «ይኸው ይቻላል» ማለት ልጆቹን ማታለል ነው። እሷ ያለፈችው መንገድ ስለተሠራላት ሳይሆን መንገድ በሌለበት ስለረገጠች ነው። እንደሷ ግብ ማግባት የማትችል፣ ግን ጥሩ የመሐል ተከላካይ የሆነች፣ እንደ ናኦሚ በእርጋታ ኳስ የምታስጥል ልጅስ? ተከላካይን በየሳምንቱ የሚቆጥር የለም። ናኦሚን ያሳደጋት ሥርዓት ግን ተከላካይን በትዕግሥት አይቶ፣ አስተምሮ፣ በ21 ዓመቷ ከሁሉ በፊት ጠራት።

ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ወሬ ውጪ አይደሉም። የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ፌስቲቫል ሲመጣ ማልያ ይታደላል፣ ሲያልቅ ይመለሳል፤ በሊጉ ከምትጫወት ልጅ ጋር ግን የሚገናኝ ነገር የለውም። የማለፊያ ነጥቡን ያመጣች የሊግ ተጫዋች ክለቧ ወዳለበት ከተማ እንድትመደብ ማድረግ፣ ውድድር ላይ ስትሆን ፈተናዋን በሌላ ቀን መስጠት፤ ይሄ አዋጅ አይጠይቅም፣ የሬጅስትራርና የትምህርት ሚኒስቴር ፊርማ ይበቃዋል። ነጥብ ይቀነስላት አልተባለም። የአቃቂዋ ልጅ ምሕንድስና ገብታ ለአዲስ አበባ ቡድን ብትጫወት ምሕንድስናው አይረክስም።

ለመጀመሪያው ዓመት ግን ከዚህም ያነሰ ይበቃል። የቂሊንጦው ግቢ ሰፊ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሜዳው ለክፍለ ከተማው ልጃገረዶች ቢከፈት፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ቢያሠለጥኗቸው፣ ከልምምዱ በኋላ አንድ ሰዓት ሒሳብ ቢያስጠኗቸው፣ ወላጆች ዳቦና ሻይ ይዘው ቢመጡ። ከቱሉ ዲምቱም ከአቃቂም ታክሲ አለ።