በሽታውን የደበቀ መዝገብ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የሚደብቀው ታማሚው ሳይሆን መዝገቡ ሲሆንስ?

ከካፋ ገጠር፣ በተቅማጥና በትውከት የተዳከመ ሕፃን ጤና ጣቢያ ሲደርስ ባለሙያው አስቀድሞ የሚያየው ከሰውነቱ ያለቀውን ፈሳሽ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል? ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ ይመለሳል? መጠጣት ይችላል? እንደ ደረጃው ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ፣ ከከፋም በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ይሰጠዋል። እስከዚህ ትክክል ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው እስክሪብቶው «ከባድ የፈሳሽ እጥረት» ብሎ ጽፎ ሲያርፍ ነው።

በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም የፈሳሽ እጥረት ኢ86 ነው፤ ኮሌራ ደግሞ ኤ00። የመጀመሪያው ሕፃኑ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ምን እንዳደረገው። ኢ86 ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ሟቹን ቆጥሮ ገዳዩን ያስመልጣል።

ይህ ልማድ ከላይ የወረደ ነው። ሀገሪቱ ለዓመታት «ኮሌራ» የሚለውን ቃል ሸሽታ «አተት» ስትል ኖራለች። ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም በ2009 ዓ.ም. ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ ሚኒስትር ሳሉ የኮሌራ ወረርሽኞችን በዚህ ስም ሸፍነዋል የሚል ክስ ቀረበባቸው፤ እሳቸው አልተቀበሉትም። በ2011 ዓ.ም. ግን ጤና ሚኒስቴር ራሱ ኮሌራን በስሙ ጠራው። ሰማይ አልተደፋም፤ ቡናም መሸጡን አላቆመም።

«ሕክምናው ያው ፈሳሽ መተካት ነው፤ ስሙ ምን ይለውጣል?» የሚሉ አሉ። ለተኛው ሕፃን ብዙ ላይለውጥ ይችላል። ነገ ከዚያው ምንጭ ለሚጠጣው የጎረቤት ልጅ ግን ሁሉን ይለውጣል። ኮሌራ የተባለ ወዲያውኑ ሪፖርት ይደረጋል፤ ውሃው ይመረመራል፣ ይታከማል፤ መጸዳጃ ቤቱም ይታያል። «የፈሳሽ እጥረት» የተባለ ግን ካርድ ክፍል ገብቶ ይተኛል።

«ላቦራቶሪ የለም» የሚለው ምክንያት እውነት አለው። ኮሌራ የሚረጋገጠው በሰገራ ምርመራ ነው፤ ናሙናውም ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ሩቅ መጓዝ አለበት። ነገር ግን «ተጠርጣሪ» ብሎ ለመጻፍ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ካርዱ ላይ ሁለት መስመር ይበቃል፦ የፈሳሹ እጥረት ከነደረጃው፣ ከሥሩም መንስኤው፤ ካልተረጋገጠ «ተጠርጣሪ»። አለቃም ይህን የጻፈውን ባለሙያ «ወረዳችንን አሰደብክ» ብሎ አይቆጣው።

ካፋ በጫካውና በምንጩ የሚታወቅ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ምድር ነው። እንዲህ ውሃ በሞላበት አገር ሕፃን ውሃ አልቆበት ከሞተ፣ የጎደለው ውሃ ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ነው። ይህን የሚመሰክረው ደግሞ መንስኤው የተጻፈበት ካርድ ብቻ ነው። ቦንጋ የተቀመጠ ኃላፊ በጀት የሚመድበው ሪፖርቱን አይቶ ነው፤ ሪፖርቱ ዝም ካለ የሕፃኑ ሞትም ዝም ይላል።