ለአንድ መብራት ሁለት ሕግ አይሠራም

የተከበራችሁ የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜ፣ የሺንሺቾና የአካባቢው ከተሞች መራጮች፣

ተሽከርካሪ በምሽት ምን ዓይነት መብራት ያብራ የሚለው ጥያቄ ለምርጫ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኛ ግን በትንሹ አናየውም። ባጃጅ በከተሞቻችን የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። ያ ወጣት ቦሎ ለጥፎ፣ የግንባር መብራቱን፣ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን አሟልቶ ሳለ፣ በአንዱ ከተማ የተፈቀደለት በሌላው የሚያስቀጣው ከሆነ ጉዳዩ ከመብራት አልፎ የሕግ የበላይነት ጉዳይ ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል? የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ይመራል። በመንገድ ላይ ያለውን ሥርዓት፣ ጥፋቱንና ቅጣቱን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 208/2003 እና ከዚያ ወዲህ ባወጣቸው ደንቦች ወስኗል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 51(9) ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ከቡታጅራ በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. የክልሎች አደረጃጀት ወዲህ ማዕከላዊ ኢትዮጵያን ከደቡብ ኢትዮጵያ የሚያገናኝ ሆኗል። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሹፌር በየከተማው መግቢያ ለመብራቱ አዲስ ሕግ ሊጠብቀው አይገባም።

ከተሞች ሥልጣን አይኑራቸው ማለታችን ነውን? አይደለም። አንቀጽ 50(4) ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል፤ እኛም እናምንበታለን። በገበያ ቀን ባጃጅ የት ይቁም፣ በየትኛው መስመር ይሰማራ የሚለውን ከአዲስ አበባ ይልቅ የከተማው ምክር ቤት ያውቀዋል። መስመር መደልደል ግን አንድ ነገር ነው፤ የተሽከርካሪ የቴክኒክ ደረጃ መወሰን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው በየከተማው ከተለያየ ቦሎ ትርጉም ያጣል።

በስብሰባዎቻችን ሹፌሮች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታም አለ። «መመሪያ ነው» ተብለው ይቀጣሉ፤ «የቱ መመሪያ?» ሲሉ የሚያሳያቸው የለም። አንቀጽ 22 ድርጊቱ ሲፈጸም በሕግ ወንጀል ባልነበረ ነገር ማንም አይቀጣም ይላል። የከተማ ቅጣት የወንጀል ፍርድ ባይሆንም ፍትሑ ያው ነው፤ ሰው ባላወቀው ሕግ ኪሱ ሊነካ አይገባም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያዎቻቸውን እንዲያሳትሙ ያስገድዳል። ለክልልና ለከተሞቻችን መሥሪያ ቤቶች ግን አይሠራም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው።

የአዲስ አበባን ተሞክሮ አስታውሱ። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ሲገደብ ምክንያቱ ወንጀልን መከላከል ነው ተባለ። በየካቲት መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ባጃጆች ሥራ እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ከቆይታ በኋላ በገደብ ተመለሱ። ከተማ ጸጥታ ማስከበሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በብድር ባጃጅ የገዛ ሰው እንጀራው በአንድ መግለጫ የሚቆምበት አሠራር ዋስትና የሌለው አሠራር ነው።

ሕገወጥ ሹፌርን አንከላከልም። በጨለማ ያለ መብራት የሚነዳ የእግረኛን ሕይወት ይቀጥፋልና ይቀጣ። ሆኖም ባለባጃጁን «መብራትህ ጎድሏል» የሚል ከተማ፣ አስቀድሞ የራሱን መንገድ ያብራ።

ስለዚህ ከተመረጥን፦

1. በተሽከርካሪ መብራትና የቴክኒክ ደረጃ ላይ የሀገሪቱ ሕግ ብቻ እንዲሠራ፣ ከዚህ የሚቃረን የከተማ ደንብ እንዲሻር እናደርጋለን።

2. የከተማ ደንብ በምክር ቤት ሳይጸድቅና ታትሞ 30 ቀን ሳይሞላው ቅጣት እንዳይጠየቅበት በክልሉ ሕግ እናስወስናለን።

3. ማንኛውም ቅጣት የደንቡ አንቀጽ በተጻፈበት ደረሰኝ ብቻ እንዲከፈል፣ ተቀጪውም ይግባኝ እንዲል እናደርጋለን።

4. ለመንገድ መብራት የተመደበውና የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ለነዋሪው እንዲገለጽ እናስገድዳለን።

ውድ መራጮች! የሐዲያ ሕዝብ በ1992 ዓ.ም. ምርጫ የተቃዋሚ እጩዎችን ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ልኮ የድምፁን ዋጋ አሳይቷል። ዛሬም ካርዳችሁ በእጃችሁ ነው። ሕግ አንድ፣ ለሁሉም እኩልና የታወቀ እንዲሆን ድምፃችሁን ስጡን።