ሽጉጡ በሺዎች፣ ማኅደሩ በሳንቲም

በላስታ አንድ ገበሬ ሽጉጥ ልግዛ ብሎ ሲነሳ በሬ ለመሸጥ ይገደዳል። ዘመድ ያማክራል፤ የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሄዳል፤ የብረቱን አገር፣ የካዝናውን መጠን፣ የጥይቱን መገኘት አለመገኘት ይጠይቃል። በዋጋው ላይ ደግሞ እንደ በቅሎ ገዢ ቀኑን ሙሉ ሲከራከር ይውላል። ይህን ሁሉ ደክሞ ያገኘውን ንብረት ግን ከሱሪው ቀበቶ ሥር ወትፎ፣ ጋቢውን ደርቦበት ወደ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል። ማኅደር ግዛ ቢሉት ገንዘቡ አልቋል። ቢገዛም ከተደረደረው መካከል ርካሹን መርጦ ነው።

አማርኛችን ለዚህ መሣሪያ ያወጣለት ስም መሸጎጥ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ሽጉጥ ማለት የሚሸጎጥ ማለት ነው። ጠመንጃ በትከሻ ስለሚነገት አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ሁሉም ያየዋል። ሽጉጥ ግን ከልብስ ሥር ነውና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አያየውም፤ አልፎ አልፎ ባለቤቱም ይረሳዋል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «በምን ውስጥ ይሸጎጥ?» የሚለው ይሆናል። ገበያውም ሆነ ገዢው እስካሁን ተገቢውን ዋጋ ያልሰጡት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ በፊት የሕጉ ነገር መነሳት አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የቱንም ያህል ጥሩ ማኅደር ቢገዙ ፈቃድ አይሆንም። እዚህ የሚነሳው ጉዳይ ፈቃድ ያለውን ሰው የሚመለከት ነው። እርግጥ ነው፣ ሽጉጥ ጨርሶ ባይያዝ ከሁሉም ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውም ሚዛን ይደፋል። ሆኖም ላስታ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነትና በግጭት ውስጥ ያለፈ አገር ነው። የጎብኚው መምጣት ተቋርጦ፣ ገቢው ደርቆ፣ ሰው ለነፍሱና ለከብቱ ሲሰጋ ኖሯል። መሣሪያው ከሰው እጅ በአንድ ጀምበር ይወጣል ብሎ ከመጠበቅ፣ እስኪወጣ ድረስ ሳይታሰብ እንዳይጮህ ማድረግ ተግባራዊ ይሆናል።

የኢኮኖሚክስ ሰዎች ተደጋጋፊ ሸቀጦች የሚሏቸው አሉ። መብራትና ዘይት፣ መርፌና ክር አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ሽጉጥና ማኅደርም እንደዚያ መሆን ነበረባቸው። ችግሩ ሽጉጥ ያለ ማኅደር መተኮሱን አይተውም። መርፌ ያለ ክር ስለማይሰፋ ገዢው ክር ሳይገዛ ወደ ቤቱ አይገባም። ማኅደር የሌለው ሽጉጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳይሆን ከርሞ አንድ ቀን ይባርቃል። በዚያን ዕለት ዕዳውን የሚከፍለው ገንዘብ የቆጠበው ሰው ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠ መንገደኛ፣ በማኅበሩ ድግስ የጎን ጎረቤቱ ወይም አባቱ ያወለቀውን ሱሪ የሚጎትት ሕፃን ሊሆን ይችላል። ወጪው በሌላ ሰው ላይ የሚወድቅ ዕቃ ሁልጊዜ ከሚገባው በታች ይገዛል። የማኅደር ገበያ የቀጨጨበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አለመቻሉ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ በሆነው ጥናቱ ያሳየው ይህንኑ ነው። ገዢው ጥራትን መለየት ካልቻለ ለጥሩውም ለመጥፎውም አንድ ዓይነት ዋጋ ያቀርባል፤ ጥሩ ዕቃ ያለውም አያዋጣኝም ብሎ ከገበያው ይወጣል። በሁለት ድርብ ክር ከወፍራም የበሬ ቆዳ የተሰፋ ማኅደርና ከሳሳ ቆዳ ወይም ከናይለን የተጣፈ ማኅደር ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ለማያውቅ ዓይን ሁለቱም ጥቁር ከረጢት ናቸው። ታዲያ ለምን ከፍ ያለውን ይክፈል?

ስለዚህ ገዢው ማወቅ የሚገባውን መዘርዘር ይጠቅማል። ነገሩ ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ ማኅደሩ ምላጩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ሽፋኑም ከውጭ በጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ ጠንካራ መሆን ይገባዋል። ምላጩ ከተነካ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በእኛ አገር አለባበስ ይህ ነጥብ የበለጠ ይከብዳል፤ የጋቢ ዘርፍ፣ የኩታ ጫፍ፣ የጃኬት ገመድ ገብቶ ምላጩን ሊስበው ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ሽጉጡን አጥብቆ መያዝ አለበት። ባዶነቱ ሁለት ጊዜ የተረጋገጠ ሽጉጥ ማኅደሩ ውስጥ ተከትቶ፣ ከፍራሽ በላይ ተዘቅዝቆ ሲነቀነቅ መውደቅ የለበትም። ዳገት ለሚወጣ፣ በበቅሎ ለሚጋልብ፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ ለሚጋፋ ሰው ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ቁልፍ ያለው ማሰሪያ ወይም ክዳን ቢጨመርበት ደግ ነው። የድሮው የሶቪየት ጦር የማካሮቭ ማኅደር ክዳን ያለውና ትርፍ ካዝና መያዣ ኪስ የተሰፋለት ነበር። ለመደበቅ ወፍራም ቢሆንም በአጥባቂነቱ አይታማም።

ሦስተኛ፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ መከደን የለበትም። አርጅቶ የለሰለሰ ቆዳ አፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሰውዬው ሽጉጡን ሲመልስ የታጠፈው ቆዳ ምላጩን እንደ ጣት ይጫነዋል። ብዙ ሰው አደጋ የሚደርሰው ሽጉጥ ሲመዘዝ ይመስለዋል። ሲመለስም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነው። የለሰለሰ ማኅደር ዕድሜው አልቋልና ይጣል።

አራተኛ፣ ከቀበቶ ጋር ተጣብቆ የሚቆም ሆኖ፣ ሲፈለግ ግን ሽጉጡ እንዳለበት በሙሉ የሚወልቅ መሆን አለበት። ይህ ነጥብ ለላስታ ሰው ከሁሉም ይበልጣል። በላሊበላም ሆነ በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ጸበል ሊጠጣ የሄደ ምእመን ከደጃፉ ጫማውን ያወልቃል። ትጥቅ ይዞ ወደ መቅደስ መግባት ነውር ነውና ሽጉጡንም ማኖር ይኖርበታል። ሰው በተሰበሰበበት ደጃፍ ሽጉጥ መዞ ጥይት እያወጡ መነካካት ደግሞ አደጋን መጥራት ነው። የተሻለው ትጥቅን ከቤት ትቶ መምጣት ነው። ካልሆነም ማኅደሩ ከነሽጉጡ ተፈትቶ፣ ምላጩ እንደተሸፈነ፣ ኃላፊነት ላለበት ሰው እጅ ይሰጥ። ለዚህ የማይመች ማኅደር ለዚህ አገር አልተሠራም።

አምስተኛ፣ ለዚያው ሽጉጥ የተሠራ ይሁን። ማካሮቭ ከምላጩ በተጨማሪ የጥንቃቄ ቁልፍ አለው። ቶካሬቭ በመጀመሪያ አሠራሩ እንዲህ ያለ ቁልፍ አልተገጠመለትም። የኦስትሪያው ግሎክም ከጎኑ የሚዘጋ ቁልፍ የለውም፤ ጥንቃቄው ያለው ምላጩ ላይ ነው። ስለዚህ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ማኅደር ለአንዱም በትክክል አይሆንም። አንዱ ይወዛወዝበታል፤ ሌላው ምላጩ ግማሽ በግማሽ ይታያል። ቁልፍ ለሌለው ሽጉጥ ደግሞ ዋናው ጥንቃቄ ጥይት ሳያጎርሱ መያዝ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያሻል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በተሽከርካሪ ተደብቀው ሲገቡ የተያዙ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦችን ፖሊስ በተደጋጋሚ ይፋ አድርጓል። በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት መካከል ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ ይገኙበታል። ብረታቸው ለዚያ ግፊት አልታሰበም። ሕገወጥነታቸው ሳይቆጠር እንኳ በያዘው ሰው እጅ ሊፈነዱ ይችላሉ። እንዲህ ላለው ዕቃ ማኅደር መግዛት የተሰነጠቀ ገንቦን ክዳን እንደማሠራት ይቆጠራል።

ወደ ገበያው እንመለስ። ጥሩ ማኅደር ማን ይሥራ? መልሱ ሩቅ አይደለም። የላስታ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተቀምጠው ዘመናት የተሻገሩ ናቸው። ያ ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ተለክቶ፣ ጥብቅ ብሎ እንዲይዝ ተሰፍቶ፣ ማንገቻ ወጥቶለት የተዘጋጀ ነው። ለሽጉጥ የሚያስፈልገው ሙያም ይኸው ነው፤ በልክ መሥራትና አጥብቆ መስፋት። ይህን ሙያ ትውልድ በትውልድ ሲያስተላልፍ የኖረው የቆዳ ባለሙያ ግን ለዘመናት በስድብ ስም ሲጠራ፣ ከጋብቻና ከርስት ሲገለል የኖረ ሰው ነው። አሁንም የሚሠራው ዕቃ ነፍስ የሚጠብቅ ሆኖ ሳለ ዋጋው በሳንቲም ይቆረጥበታል።

ጥሬ ዕቃውም ሞልቷል። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ የጣለው እሴቱ በአገር ውስጥ እንዲጨመር በሚል ነበር። የተገኘው ውጤት ሲያከራክር ቆይቷል፤ የቆዳ ዋጋ ወድቆ በየበዓሉ ማግስት ቆዳ በየሜዳው ሲጣል ማየት ግን ተለምዷል። ለማኅደር የሚሆነው ደግሞ ስስ የሆነው የበግ ሌጦ ሳይሆን ወፍራሙ የበሬ ቆዳ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የቆዳ ፋብሪካ አለ፤ በየገጠሩም በእምቧይና በዛፍ ልጥ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች አሉ። በሬ ሽጦ ሽጉጥ የገዛ ሰው የዚያው በሬ ቆዳ ሜዳ ተጥሎ እሱ የባሕር ማዶ ናይለን ሲፈልግ ማየት ያስተዛዝባል።

የጎደለው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ልኬት ነው። ባለሙያው ለልኬት ብሎ የሰው ሽጉጥ ወደ ገበያ ይምጣልኝ ማለት የለበትም፤ ይህ ራሱ አደጋ ነው። አናጺ ለእያንዳንዱ የሽጉጥ ዓይነት በትክክለኛው መጠን የእንጨት ቅርጽ ይጥረብለት። ቆዳው በውኃ ርሶ በቅርጹ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ ማኅደሩ የሽጉጡን መልክ ይይዛል። በሌላው ዓለም ያሉ ባለሙያዎችም የሚሠሩት በተመሳሳይ ዘዴ ነው። ገዢውም የመያዝ ብቃቱን በዚያው የእንጨት ቅርጽ ገበያው መካከል ገልብጦ ሊፈትን ይችላል። ሊለይ የማይችለው ጥራት ያኔ በዓይን ይታያል፤ ዋጋም ያወጣል።

ሁለተኛው የፈቃድ ሰጪው አካል ድርሻ ነው። ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ «መሣሪያህ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን «በምን ትይዘዋለህ?» ብሎ ቢጨምር ተጨማሪ በጀት አያስፈልገውም። ምላጭ የማይሸፍን ማኅደር የያዘ ሰው አስተካክለህ ና ቢባል፣ የቆዳ ባለሙያው በአንድ ወቅት ውስጥ የማያውቀውን ያህል ደንበኛ ያገኛል። ማኅደር የመሣሪያን ፍቅር ያባብሳል ብለው የሚሰጉ ይኖሩ ይሆናል። ፈረስ የሌለው ሰው በኮርቻ ምክንያት ፈረስ አይገዛም። ፈረስ ያለው ግን ያለ ኮርቻ ቢጋልብ ይወድቃል።

ለባለቤቱም የሚቀረው ሥራ አለ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በክረምት ሽጉጡን ማኅደር ውስጥ ትቶ መክረም ብረቱን ያዝጋል፤ የዛገ መሣሪያ ደግሞ አይታመንም። ቤት ሲገባ ጥይቱ ወጥቶ ለብቻው፣ ሽጉጡም ተወልውሎ ልጅ በማይደርስበት ሣጥን ተቆልፎ ሊቀመጥ ይገባል። ማኅደር የመንገድ ዕቃ ነው፤ የቤት ቁልፍ ምትክ አይሆንም።

አበው ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። በሽጉጥ ነገር የሚቀደደው ልብስ ብቻ ቢሆን ኖሮ መርፌና ክር ይበቃ ነበር። ለሽጉጡ በሬ የሸጠ ሰው ለማኅደሩ አንድ በግ ቢጨምር በሬውን አላባከነም። የሚቆጥበው ገንዘብ ግን ከራሱ ጭን ወይም ከልጁ ደረት የሚወራረድ ከሆነ፣ ያ ቁጠባ ሳይሆን ብድር ነው፤ አበዳሪውም መቼ እንደሚመጣ አይናገርም።