የታመመች ወፍ አትናገርም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው የተነገረው አፍ እያለው ሕመሙን ለሚሸሽግ ሰው ነው። ነገር ግን ሕመሟን መደበቅ የተፈጥሮ ሕጓ የሆነባትን ፍጥረት በሽቦ ቤት ዘግቶ የሚያኖር ሰው ይህን ምሳሌ ገልብጦ ሊያነበው ይገባዋል። በዚያ ቤት መድኃኒት የሚጠፋው ሕመምተኛዋ ዝም ስላለች ሳይሆን፤ ተመልካች ስለሌላት ነው።

ይህን የምለው ለጌጥና ለመጫወቻ ተብለው በየቤቱ ስለሚያዙት ወፎች ነው። ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በደስታ ነው። አባት ለልጁ፤ ወይም ወዳጅ ለወዳጁ ባጀሪጋር የምትባለውን ትንሿን የአውስትራሊያ በቀቀን ከነሽቦ ቤቷ ገዝቶ ያመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የቤቱ ሰው ሁሉ ይከባታል፤ ስም ይወጣላታል፤ ጎረቤት ይጠራላታል። በሁለተኛው ወር ውሃ የምትቀይርላት የቤቱ ሠራተኛ ብቻ ትሆናለች። በስድስተኛው ወር ጩኸቷ አሰለቸን ተብሎ ከሳሎን ትወጣና ከማድ ቤቱ ደጃፍ ትሰቀላለች። ከዚያም አንድ ቀን ጧት ከወለሉ ላይ ደርቃ ትገኝና «ትናንት ደኅና ነበረች፤ ምን ነካት?» ይባላል። ትናንትም ደኅና አልነበረችም። ምናልባት ከወር በፊት ጀምሮ ታማ ነበር።

ሕመሟን የምትደብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በዱር ሳለች ጭልፊት ከመንጋው መካከል መርጦ የሚያነሣው የደከመችውን ነው። ስለዚህ የታመመች ወፍ ጉልበቷ እስከሚከዳት ድረስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሳትውጥ እንኳ እህሉን በምንቃሯ እየነካካች የምትበላ ትመስላለች፤ ላባዋም ክሳቷን ይሸፍንላታል። ይህ ጠባይ በዱር ነፍሷን ያድናታል፤ በሽቦ ቤት ውስጥ ግን ይገድላታል።

ይሁን እንጂ ለሚመለከት ሰው ምልክት አይጠፋም። ጤነኛ ወፍ ስታንቀላፋ ብዙ ጊዜ ባንድ እግሯ ትቆማለች፤ የታመመችው በሁለት እግሯ ተደግፋ፤ ላባዋን ነፍታ፤ እንደ ኳስ ክብ ሆና በቀን ታንቀላፋለች። በተነፈሰች ቍጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል። የኩሷ መልክና ብዛት ይለወጣል። የደረቷ አጥንት ሲዳሰስ እንደ ቢላ ጀርባ ሾሎ ይወጣል። ባጀሪጋር የምትመዝነው ከ30 እስከ 40 ግራም ያህል ነው። ከዚህ ላይ 4 ግራም ቢጎድል «ምን አላት» ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ይህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባንድ ጊዜ 6 ኪሎ እንደ ከሳ ያህል ነው። እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን በትንሽ የማድ ቤት ሚዛን መመዘን ከብዙ ጸጸት ያድናል ማለት ነው።

በደሉ ደግሞ ጭካኔ መስሎ አይታይም። ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በቸርነት ስም ነው። ወፊቱ ሱፍና ማሽላ ትወዳለች ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ሱፍና ማሽላ ብቻ ይሰጣታል። በእንዲህ ያለ ምግብ ውስጥ ቪታሚን ኤ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የአፍንጫዋና የጉሮሮዋ ሽፋን ይጎዳል፤ በተጎዳው በኩል በሽታ ይገባል። ጥቂት ካሮት፤ ጎመንና ዱባ ይህን ያስቀሩ ነበር። ሌላው ደግሞ የሚበላውን ሁሉ ያካፍላታል፤ አቦካዶም ያቀምሳታል። አቦካዶ ለወፍ መርዝ ነው፤ ቸኮላታም እንዲሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ጢሱ ነው። በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ታሪክ የሚያስተምረን ነገር አለ። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው ሊቅ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ግድም፤ በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ አየር ለማወቅ ትናንሽ እንስሳት ይዞ መግባት እንደሚጠቅም መከረ። ካናሪ የምትባለው ትንሽ ወፍ አተነፋፈሷ ፈጣን ስለ ሆነ ከሰው በፊት ትወድቃለች፤ ሰዎቹም ይህን አይተው ይወጣሉ። እንግሊዞች ይህን ልማድ ትተው በመሣሪያ መተካት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ለኔ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከነዚያ የወፍ ቤቶች መካከል የኦክሲጅን ጠርሙስ የተገጠመላቸው ነበሩ። ወፊቱ ስትወድቅ የቤቷ በር ይዘጋል፤ ኦክሲጅኑ ይከፈትላታል፤ እርሷም ነፍስ ትዘራለች። ለራሱ ሕይወት በሚሮጥበት ሰዓት እንኳ ያገለገለችውን ወፍ እንዲያድን ለቆፋሪው መሣሪያ ተበጅቶለት ነበር ማለት ነው።

ያው መርዘኛ አየር ዛሬ ቡና ከምናፈላበት የከሰል ምድጃ ይወጣል። በሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውንም እንደሚገድል ሁላችንም ሰምተናል። ከማድ ቤት ደጃፍ የተሰቀለች ወፍ እንግዲህ ያለ ደመወዝና ያለ ኦክሲጅን የተቀጠረች የማዕድን ወፍ ናት። የማያጣብቅ መጥበሻም ያለ ልክ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በጥቂት ደቂቃ ይፈጃል።

ከታመመች በኋላስ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሙቀት ነው። የወፍ ሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው፤ ሳትበላ ስትቀር ይህን የምታቆይበት ኃይል ታጣለች። ስለዚህ ካንድ ወገን አምፑል አብርቶ አጠገቧን 30 ዲግሪ ያህል ማሞቅ፤ ሲበዛባት የምትሸሽበትን ወገን መተው፤ ቤቷን በሦስት በኩል በጨርቅ ሸፍኖ ከልጆችና ከድመት ማራቅ ያስፈልጋል። መቆሚያዋን ዝቅ አድርጎ ምግብና ውሃውን ካጠገቧ ማስቀመጥ፤ ሌሎች ወፎች ካሉ ለብቻ መለየት፤ በየቀኑ ጧት መመዘን ተገቢ ነው። ውሃ በግድ ወደ ምንቃሯ ማፍሰስ ግን ሳንባዋ ይገባል። ከሰው የተረፈ ክኒን በግምት አሟሙቶ መስጠትም ሕክምና ሳይሆን ዕድል መሞከር ነው። ሙቀቱና ጸጥታው ጊዜ ይገዛላታል እንጂ አያድናትም፤ የሚያድናት በሽታውን የሚለየው የእንስሳት ሐኪም ነው። ስትሻላትም ምግቧን ባንድ ቀን መለወጥ አይገባም፤ ያላወቀችውን ምግብ ከመብላት ጾሟን የምታድር ወፍ ብዙ ናት። ጥቂት በጥቂት ይለመድላት።

«ለሰው ሐኪም ባልበቃበት አገር ስለ ወፍ ሕክምና መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እስካሁን ከዘረዘርሁት ውስጥ የሐኪሙ ካልሆነ በቀር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም፤ የሚጠይቀው ዓይንና ልብ ነው። ደግሞም የወፊቱ በሽታ የወፊቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ከበቀቀኖች ወደ ሰው የተላለፈ የሳንባ በሽታ በአውሮጳና በአሜሪካ ብዙ ሰው አሳምሟል፤ ገድሏልም። ስለዚህ ቤቷን ያጸዳ ሰው እጁን ይታጠብ፤ ትኩሳትና ሳል የያዘውም ወፍ እንዳለው ለሐኪሙ ይንገር። ርግብ የሚያረቡ የየሰፈሩ ወጣቶችም አዲስ የገዟትን ርግብ ቢያንስ 30 ቀን ለብቻዋ ቢያቆዩ፤ ፈንግልንና ሌላውን ተላላፊ በሽታ ወደ መንጋቸው ከማስገባት ይድናሉ።

ሌላው ደግሞ «እንግዲያውስ በሩን ከፍተን እንልቀቃት» ይላል። በሽቦ ቤት የተፈለፈለች የባዕድ አገር ወፍ ምግቧን የት እንደምታገኝ አታውቅም፤ መልቀቁ ኀላፊነትን መጣል ነው። ከዱር መያዝ ግን ጭራሹን መቅረት አለበት። ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው፤ ክንፈ ጥቁሩ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አገር በዱር አይገኝም። እርሱን ማየት የሚወድ ሰው ከዛፉ ሥር ቆሞ ይመልከተው።

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባላል። እኛ ዛሬ በትምህርት ላይ ያለን፤ ወይም ባዲስ ሹመት ወንበር የያዝን ወጣቶች፤ ነገ አቤት ማለት የማይችሉ ብዙ ነገሮች በእጃችን ይወድቃሉ። የሚጮኸውን መስማት ማንም ይችላል። የማይጮኸውን ሳይጠሩት ሄዶ የማየት ልማድ ግን በቤት ካልተጀመረ በቢሮ አይገኝም።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ጊዜ አለ። ወፍ ያለው ሰው ከቤቷ ፊት ወንበር ስቦ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፤ እንዴት እንደምትተነፍስ፤ እንዴት እንደምትቆም፤ ምን እንደበላች ይመልከት። ከማድ ቤት ደጃፍም ተሰቅላ እንደ ሆነ ዛሬውኑ ያውርዳት።