በጋዝ ስለሚሠራው የኤሌክትሪክ ኃይል

በጉራጌ ደጋ፥ በጉመር ወረዳ፥ በአረቅጥ ከተማ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ቤቱን የሚያጸናው በእንሰቱ ነው። ቆጮ የዕለት ምግቡ ቢሆንም፥ በጓሮው ያለውን እንሰት ሁሉ ባንድ ዓመት አስፍቆ የሚጨርስ ባለ ቤት የለም። ዝናም አንሶ ገብሱ በጠፋ ጊዜ ቤተ ሰቡን የሚያሻግረው የቆመው እንሰትና በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮ ነውና። ዛሬ ስለ አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ስንጽፍ ይህን የጓሮ ጥበብ ምሳሌ ልናደርገው ወደድን።

ኢትዮጵያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶው ከ90 እጅ የሚበልጠው ከውኃ የሚገኝ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግቤ 3 1,870 ሜጋ ዋት፥ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። ይህ ትውልድ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ድካሙ የሕዳሴውን ግድብ ከፍጻሜ ማድረሱ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ወንዞቻችን ብዙ ቢሆኑም የሚሞላቸው ክረምት አንድ ስለ ሆነ፥ ክረምቱ ሲያንስ የሁሉም ውኃ አብሮ ሊያንስ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ለዚህም ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው ዋቤ ከግቤ ጋር ይገናኛል፤ ግቤም ኦሞ ተብሎ በግቤ 3 ግድብ ይጠራቀማል። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር የዚህ ግድብ ውኃ ስለ ጎደለ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት ታየ፤ ኤሌክትሪክም በፈረቃ ታደለ፤ ወደ ጎረቤት አገሮች የሚሸጠውም ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ሥራ ፈታ፤ ወፍጮ ቤቱ ቆመ፤ የከተማ ሰውም በሻማ አመሸ። ከዚያ አስቀድሞ ለእንዲህ ያለው ጊዜ መጠባበቂያ ይሆኑ ዘንድ በቃሊቲ፥ በአዋሽ 7 ኪሎና በድሬዳዋ በናፍጣ የሚሠሩ ማመንጫዎች ተተክለው ነበር። ነገር ግን ናፍጣው በውጭ አገር ገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ ወጪው ከባድ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የጋዙን ነገር ማሰብ የሚገባው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በኦጋዴን በካሉብና በሂላላ የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከምድር በታች ቆይቶ፥ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የካሉቡ የመጀመሪያ ሥራ ተመርቋል። ፋብሪካው በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ጋዝ በብርድ ኃይል ወደ ፈሳሽነት እንዲለውጥ የታቀደ ነው። ከጋዝ ኤሌክትሪክ ማመንጨትም ከአሁን ወዲያ ሩቅ ሐሳብ አይደለም።

የአሠራሩም ነገር እንዲህ ነው፤ ጋዙ ሲነድ የሚወጣው ትኩስ አየር መዘውሩን ያዞራል፤ መዘውሩም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የተረፈውም ሙቀት ውኃ አፍልቶ በእንፋሎት ሁለተኛ መዘውር እንዲያዞር ይደረጋል። ቀላሉ ዐይነት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተነሥቶ ሥራ ይጀምራል። ጭሱም ቢሆን አየርን የሚያሞቅ ነው እንጂ ንጹሕ አይደለም፤ ሆኖም ከድንጋይ ከሰል ጭስ እኩሌታ ያህል ነው። ፈጥኖ የሚነሣና ክረምት የማይጠብቅ ስለ ሆነ፥ ለመጠባበቂያነት የተመቸ ነው።

ነገር ግን ለመጠባበቂያ የተመቸ ሁሉ ለዘወትር ይስማማል ማለት አይደለም። ዛምቢያ ይበልጡን በውኃ ተማምና በ2016 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት የካሪባ ግድብ ሲጎድል ሕዝቧ አብዛኛውን ቀን በጨለማ ዋለ። ግብጽ ደግሞ በጋዝ ተማምና የገዛ ጋዟ እያነሰ በሄደ ጊዜ፥ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በሙቀቱ ወራት በየቀኑ ኤሌክትሪክ ለማቋረጥ ተገደደች። የተማመኑበት ነገር ልዩ ልዩ ቢሆንም ስሕተታቸው አንድ ነው። እንሰት ቢቆረጥ ችግኙ ይተከላል፤ የነደደ ጋዝ ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ደግሞም ጋዙን የሚሻው ብዙ ነው። ለማዳበሪያ ፋብሪካ ይፈለጋል፤ ስለዚሁም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳንጎቴ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያወጣ ፋብሪካ ለመሥራት ውል ተፈርሟል። ለመኪናም ይፈለጋል፤ ለምድጃም ይፈለጋል። ሁሉም ሻሚ ድርሻውን በውል ካስቆረጠ በኋላ ለድርቅ ዓመት የሚቀር ነገር እንዳይጠፋ ያሠጋል።

ስለዚህ ይህ ነገር በእጃቸው ያለ ሹማምንት፥ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው የጋዝ መጠን ከሌላው ውል ሁሉ አስቀድሞ ተቆርጦ በሕግ እንዲጻፍ ቢያደርጉ መልካም ነው እንላለን። የዘወትሩ ሥራ የውኃው ይሁን። በአዳማና በአሸጎዳ እንደ ተተከሉት ያሉት የነፋስ ማመንጫዎችም ይበርክቱ፤ ነፋሱ የሚበረታው ውኃው በሚያንስበት በበጋ ነውና። ጋዙ ግን ሁለቱም ያነሱ ዕለት የሚነሣ ይሁን። ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚሠራ መኪና ብዙ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የቆመውን እንሰት አይቶ ሥራ ፈት ተክል ነው የሚል የጉመር ገበሬ ግን የለም፤ የቆመበትን ምክንያት ያውቃልና።