«አፕዴቱን ዝጋው» የሚለው ምክር ይቅር

በድሬዳዋ ከተማ፣ በሳቢያን ሰፈር፣ የግል ኮምፒዩተር ያለበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው አንድ መልእክት አለ። ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣል፤ መቶኛው በገጹ ላይ ይቆጥራል፤ ከዚያም ማሻሻያውን ማጠናቀቅ እንዳልተቻለና ለውጦቹ እየተመለሱ መሆናቸውን የሚገልጽ ቃል ይወጣል። ይህ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ከጓደኛም ሆነ ከጥገና ሱቅ የሚሰጠው ምክር ከሁለት አይዘልም፤ አንደኛው «አፕዴቱን ዝጋው»፣ ሁለተኛው «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን። የመጀመሪያው ቤቱን ያለ ዘበኛ ያስቀራል። ሁለተኛው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያለበትን ዲስክ፣ መንሥኤው ሳይታወቅ፣ ጠርጎ ያጠፋል።

በቅድሚያ፣ ማሻሻያ ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በማርች 14 ቀን 2017 በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ክፍል ውስጥ የነበረን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። በዚያው ዓመት በሜይ 12 ቀን «ዋናክራይ» የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 አገሮች ገደማ ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ሥራቸው ተስተጓጎለ። በመድኃኒቱ መውጣትና በወረርሽኙ መካከል 59 ቀናት ነበሩ። የተጎዱት ማሽኖች መድኃኒቱ ያልደረሳቸው ወይም ባለቤቶቻቸው ያልወሰዱላቸው ነበሩ። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት በእኛ አካባቢ ማሻሻያን መዝጋት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ማሻሻያው የማይሳካበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ምሥጢር አይደለም። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች መብራት የማይቋረጥበትን፣ ኢንተርኔት በጥቅል የማይገዛበትንና ዓለም አቀፉ የቀን አቆጣጠር የሚሠራበትን ቤት በአእምሯቸው ይዘው ነው። የእኛ ቤት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት ከቤታችን ሁኔታ ነው፤ በቅደም ተከተልም አራት ነገሮችን መፈተሽ ይገባል።

አንደኛው ሰዓትና ቀን ነው። ኮምፒዩተር ማሻሻያ ለማውረድ ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን ዲጂታል የምስክር ወረቀት ይመረምራል። በዚያ ላይ ምስክርነቱ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ተጽፏል። እንግዲህ አንድ ሰው የኮምፒዩተሩን ዘመን በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ቢሞላ፣ ማሽኑ ራሱን ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል። ምስክር ወረቀቱ ገና ያልተጻፈ ስለሚሆንበትም ግንኙነቱን ይከለክላል። በባለቤቱ ዓይን ግን የሚታየው «አፕዴቱ አልሄደም» የሚለው ብቻ ነው። ቀኑ በትክክል ተሞልቶ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ባትሪውን መለወጥ ከፎርማት ይልቅ እጅግ ይቀላል። የሰዓት ቀጣናውን በተመለከተ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ናይሮቢ የሚለውን መምረጥ ለአገራችን ትክክለኛው ነው።

ሁለተኛው የዲስክ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ዲስኩን «ሲ» እና «ዲ» ብሎ ከሁለት ይከፍልና ዊንዶውስ ያለበትን «ሲ» በፊልም ሞልቶ «ዲ»ን ባዶውን ይተወዋል። ማሻሻያ ግን አዲሱን ፋይል ለማስቀመጥና አሮጌውን ለመጠባበቂያ ለማቆየት ቦታ ይፈልጋል፤ ለትልልቆቹ የዊንዶውስ ማሻሻያዎች 20 ጊጋባይት ያህል ነጻ ቦታ ማዘጋጀት ይመከራል። እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያነቡ የሚዘጉት የስሕተት ቁጥር ጠቃሚ ነው። በ80070070 የሚያበቃውን ቁጥር እንውሰድ። የመጨረሻው 70 የተጻፈው በአሥራ ስድስት መሠረት ቁጥር ነው፤ 7 ጊዜ 16 ደግሞ 112 ይሆናል። በዊንዶውስ የስሕተት ዝርዝር ውስጥ 112ኛው ትርጉሙ «በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም» የሚል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሕመሙን ተናግሯል፤ ያልሰማነው እኛ ነን።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ደረጃዎችን መለየት ያስፈልጋል። በማውረድ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ብዙ ጉዳት የለም፤ ዊንዶውስ በአብዛኛው ካቆመበት ይቀጥላል። በመጫን ላይ ሳለ ቢጠፋ ግን ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሥርዓት ሊፈጠር ይችላል። ዊንዶውስ ይህን ለመከላከል የለወጠውን መዝግቦ ይይዛል፤ ሥራው ሳይሳካ ሲቀርም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ስለዚህ «ለውጦቹ እየተመለሱ ነው» የሚለው አስደንጋጭ ቃል የመከላከያው መሥራት ምልክት ነው። በዚያች ሰዓት ትዕግሥት አጥቶ ሶኬቱን ከዲቫይደሩ መንቀል ነው እውነተኛው አደጋ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይጀምር፤ ዴስክቶፕ ያለው ዩፒኤስ ቢያገኝ መልካም ነው። ከዚህም በተጨማሪ በድሬዳዋ ሙቀት፣ አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ያለው ኮምፒዩተር ረጅም ሥራ ሲሰጠው ፕሮሰሰሩን ለማዳን ሲል ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ማራገቢያውን ማጽዳትና ሥራውን በማለዳ ወይም በምሽት ቅዝቃዜ ማከናወን ይህን ያስወግዳል።

አራተኛው የኢንተርኔት መስመር ነው። ድሬዳዋ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎት ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በቀዳሚነት የተጀመረባት ከተማ ናት፤ ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ኮምፒዩተሩን የሚያገናኘው በስልክ ሆትስፖት፣ በተገዛ የዳታ ጥቅል ነው። ዊንዶውስ መስመሩ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑ ከተነገረው አብዛኛውን ማሻሻያ አያወርድም። ካልተነገረው ደግሞ ጥቅሉን ሳይታሰብ ይጨርስና መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። የትኛው እንደተመረጠ በቅንብሩ ውስጥ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ውድ አንባቢያን! እነዚህን አራቱን በአንድ ጊዜ መነካካት ግን አይገባም። አንዱን አስተካክሎ እንደገና መሞከር፣ ካልሆነም ወደ ሚቀጥለው መሄድ ነው። በላቦራቶሪ የምንማረው አንድ ተለዋዋጭ ብቻ እየለወጡ የመመርመር ሥርዓት በቤታችንም የሚያገለግለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አስፈላጊ ፋይሎችን በሌላ ዲስክ መገልበጥ ግዴታ ነው።

«ማሻሻያው ራሱ ኮምፒዩተር ያበላሽ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያሰራጨው ጉድለት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጥሏል፤ የአውሮፕላን በረራዎችም ተስተጓጉለዋል። የተጎዱት በዋናነት የድርጅት ማሽኖች ቢሆኑም ትምህርቱ ለሁላችንም ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ጥቂት ቀናት መታገሥና መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ እንጂ ለዘለዓለም መዝጋት አይደለም። ዊንዶውስም ማሻሻያን ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ለማዘግየት የሚያስችል ምርጫ አለው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ስላቆመ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ በመደበኛው መንገድ አይጫንም። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ ማሻሻያው «እምቢ» ቢል ምርመራው የሚያደርሰን ወደ ሌላ ውሳኔ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚገኘውንና ዘወትር የሚሻሻለውን እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ሥርዓት መጫን አንዱ አማራጭ ነው።

በመጨረሻም ሸክሙ ሁሉ በእያንዳንዱ ቤት ላይ መውደቅ የለበትም እንላለን። የዊንዶውስ ወርኃዊ የደኅንነት ማሻሻያ በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ይወጣል፤ ድምር በመሆኑም የቅርቡ ያለፉትን ጥገናዎች ይይዛል። ፋይሉን ከማይክሮሶፍት የማሻሻያ ካታሎግ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማደል ይቻላል፤ ዲጂታል ፊርማ ስላለው በመንገድ ላይ የተነካካ ከሆነ ዊንዶውስ አይቀበለውም። እንግዲህ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ የኮምፒዩተር ክበባት ማክሰኞውን ተከትሎ በሚመጣው ቅዳሜ ላቦራቶሪያቸውን ለሳቢያን ነዋሪ ቢከፍቱ፣ ፋይሉን ቢያድሉና ከላይ የተዘረዘሩትን አራት ነገሮች ቢፈትሹለት ምን ይከብዳል? ተማሪው የተማረውን ይሠራበታል፤ ነዋሪውም ለአንድ ክብ ባትሪ ሲል የዓመታት ፋይሉን ከመሠዋት ይድናል።