የሳይበር ደህንነት ማስተርስን ባንኮች ይክፈሉ

የመረጃ ደህንነት ማስተርስ በኢንተርኔት መማር ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ትልቁ ችግር ዩኒቨርሲቲ ማጣት አይደለም። የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈተው የሳይበር ደህንነት ማስተርስ ጠቅላላ ክፍያው 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ አሜሪካ ሄዶ ከመማር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ። ያ ርካሽ የተባለው ዋጋ ወደ ብር ሲመነዘር ነው ጉዱ የሚታየው። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100 ብርን አልፏል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከሚሊዮን ብር በላይ ይጠይቃል። ፉልብራይትና ቺቭኒንግን የመሳሰሉ የታወቁ ስኮላርሺፖች ደግሞ አገር ለቆ ለሚሄድ እንጂ ቤቱ ሆኖ ለሚማር አልተሰናዱም።

ስለዚህ ወጪውን መሸፈን ያለባቸው ባንኮች ናቸው እላለሁ። ዶላሩም ፍላጎቱም ያለው እነርሱ ዘንድ ነው። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ፣ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል፤ ይሁን፣ ለወጣው ገንዘብ ግን ልዩነት አልነበረውም። «አስተምረነው ጥሎን ይሄዳል» የሚለው ስጋት ባዶ አይደለም። ሆኖም በኢንተርኔት የሚማር ሠራተኛ ቀን ቀን ሥራው ላይ ነው፤ የተማረውን በዚያው ሳምንት ይሞክረዋል፤ የአገልግሎት ግዴታ ውልም ማስፈረም ይቻላል። «የሙያ ሰርተፍኬት አይበቃም ወይ?» ለሚሉ፣ ለጀማሪ ይበቃል፤ የባንክን ሥርዓት የሚነድፍና አደጋውን የሚመዝን ሰው ግን ከዚያ የጠለቀ ዕውቀት ይፈልጋል። ክፍያው በየሴሚስተሩ በተወሰደው ኮርስ ልክ ስለሆነም፣ ባንኩ የአንዱን ውጤት አይቶ ቀጣዩን መክፈል ይችላል።